ሰባራው ድልድይና የወንዝ ዳር አደባባይ

የሕዝብ አደባባይ ሲታሰብ በብዙ ሰው ዐይነ ሕሊና የሚመጣው የከተማ መሐል፣ ሐውልትና ሰፊ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከተሰበሰበባቸው ሥፍራዎች አንዱ የወንዝ ዳር ነው። ታቦት የሚወርደው ወደ ውኃ ነው፤ ነጋዴና መንገደኛም ሙላት እስኪጎድል የሚጠባበቁት በመሻገሪያ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወንዝን የታሪክ ማስተማሪያ አድርጎ ማነጽ ለአገሩ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ለዚህ ቀዳሚው አብነት በጎንደር የሚገኘው ጥምቀተ ባሕር ነው። በአፄ ፋሲል (1624-1660 ዓ.ም.) ስም የሚጠራው ይህ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሕንፃ ውኃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ነው። ገንዳው ለጥምቀት ሲሞላ ወንዙ፣ ግንቡና ሕዝቡ በአንድነት ይገናኛሉ። ሥፍራው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥፍራው እስከ ዛሬ ሕያው ሆኖ የቆየው ሕዝቡ በየዓመቱ ስለሚገለገልበት ነው።

ወደ ደቡብ ጎንደር ሲታለፍ ሌላ ዓይነት መዝገብ ይገኛል። ከፍታው ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ፣ ከግርጌው ካሉት ከገሳይና ከደብረ ታቦር ደጋዎች ጋር፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከታረሰው ተዳፋት ተጠርጎ የሚወርደው አፈር ለሜዳው ለምነት፣ ለወንዙ ወለል ደግሞ ደለል ይሆናል። ወለሉ ከፍ ባለ መጠን ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የዚሁ አደጋ ምስክር ነው። የደጋው ገበሬና የቆላው ገበሬ ባይተዋወቁም በአንድ ወንዝ የተሳሰሩ ናቸው።

ከአውራጃው ደቡባዊ ጠረፍ፣ በአንዳቤትና በሞጣ መካከል፣ በዓባይ ላይ የቆመው ሰባራ ድልድይ ደግሞ የዘመናት ታሪክ ተሸክሟል። በፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጎንደርና በጎጃም መካከል ሰውና ሸቀጥ ሲያሻግር ኖረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) የጠላትን ጉዞ ለመግታት ሲባል ዋናው ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳሳበ ለዐሥርት ዓመታት ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተያይዞ ተጠገነ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሙላት ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው፣ ውኃው በማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ የገመድ ድልድይ ተዘረጋ።

እዚህ ላይ የነዳፊው ብልሃት ይፈተናል። የተሰበረውን ቅስት በሲሚንቶ ሞልቶ አዲስ ማስመሰል ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን የአርበኝነቱንና የገመዱን ዘመን ምስክርነት ያጠፋል። የሚሻለው ፍራሹ እንዳይብስ አጽንቶ ክፍተቱን እንዳለ መተው፣ በድልድዩ አፍ ላይ በአገር ድንጋይ ለመንገደኛው መቀመጫና ጥላ ማዘጋጀት፣ ሙላቱ የደረሰበትን ከፍታም በዓለቱ ላይ በዓመተ ምሕረት መቅረጽ ነው። ያን ጊዜ የተማሪ ጓድ የወንዙን ጠባይና የሕዝቡን ታሪክ በአንድ ሥፍራ ሊያነብ ይችላል። በርብና በጉማራ መሻገሪያዎችም የደለሉን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት ቢተከል፣ ስለ ጉና ተዳፋት የሚሰጠው ትምህርት ከብዙ ንግግር ይልቅ ይገባል።

በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት የተወጠነው ዕቅድ ይህን ጥያቄ ወደ መናገሻው ከተማ አምጥቶታል። ሣርና አበባ ዐይንን ያረካሉ፤ ሆኖም የወንዙ ስም፣ መነሻውና በዳርቻው የኖረው ሕዝብ ሥራ ካልተነገረ መናፈሻው የትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። ቀሃ እንደሚያስተምረው፣ የወንዝ ዳር አደባባይ ዕድሜው የሚረዝመው ሕዝቡ ቀድሞ ከሚሠራው ሥራና ከሚያከብረው በዓል ጋር ተዋሕዶ ሲታነጽ ነው። የሰባራው ድልድይ ድንጋዮችም ይህን የሚያሟላ ነዳፊ፣ መምህርና ከያኒ ይሻሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ውኃው እያንዳንዱን ድንጋይ ይፈትናል።