የሞናኮ ወደብና የባሕር አውሮፕላኖች ዋንጫ

አንድ የምሕንድስና ሥራ አቅጣጫውን የሚይዘው ሁልጊዜ በቤተ ሙከራ ውስጥ አይደለም። በማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ምናልባትም በእራት ግብዣ ጠረጴዛ ዙሪያ የተነገረ የውድድር ደንብ ከብዙ ስሌት ይልቅ ሥራውን ወደ አንድ ወገን የሚመራበት ጊዜ አለ። የበረራ ክበቦች በ1913 እና በ1914 በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሞናኮ ያደረጉት ግጥሚያ የዚህ ምስክር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞናኮ በገደል አናት ላይ የተመሠረተች ጥንታዊ ከተማ ናት። የጄኖቫ ሰዎች ምሽጓን መገንባት የጀመሩት በ1215 ሲሆን፣ ፍራንሷ ግሪማልዲ በ1297 መነኩሴ መስሎ ገብቶ እንደያዛት ይተረካል። ከብዙ ዘመን በኋላ ይህችው ምሽግ የአውሮፓ ባለጸጎች ክረምቱን የሚያሳልፉባት የመዝናኛ ከተማ ሆነች። ሆኖም ዝናዋ በቁማር ቤትና በኦፔራ ብቻ አልነበረም። ልዑል ቀዳማዊ አልበርት የባሕር ጥናት ሙዚየም በ1910 ከፈቱባት፤ በወደቧም ከ1904 አንሥቶ የሞተር ጀልባዎች ይወዳደሩ ነበር። በ1912 ደግሞ የባሕር አውሮፕላኖች ተሰብስበው ተፎካከሩባት። ሄንሪ ፋብር ከውሃ ላይ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበረረ ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር።

የዋንጫው ሐሳብ አፍላቂ ፈረንሳዊው ዣክ ሽናይደር ነው። በማዕድን ምሕንድስና የሠለጠነና ፊኛ አብራሪም የነበረው ይህ ሰው በ1910 በፈጣን ጀልባ አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ በአውሮፕላን የመብረር ተስፋውም በዚሁ ጠበበ። ከዚያ በኋላ ትኩረቱን ወደ ባሕር አውሮፕላን መለሰ። የምድር ገጽ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ወደቦች ሁሉ የተዘጋጁ የማረፊያ ሥፍራዎች ናቸው፤ ስለዚህ የወደፊቱ የመንገደኞች አውሮፕላን ባሕርን የሚችል መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1912 በፈረንሳይ የበረራ ክበብ የእራት ግብዣ ላይ ዋንጫውን ማበርከቱን አስታወቀ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ክበብ ዋንጫውን ለዘለዓለሙ እንዲወስድ ተደነገገ።

የመጀመሪያው ውድድር ሚያዝያ 16 ቀን 1913 በሞናኮ ተደረገ። ርቀቱ 280 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ28 ዙር የተከፈለ ነበር። ባሕር መቻላቸው ይታይ ዘንድ ተወዳዳሪዎቹ የመጀመሪያውን ዙር ከፊል በውሃ ላይ እየተንሳፈፉ እንዲሄዱ ተገደዱ። ሮላን ጋሮስ ገና ከጅምሩ ሞተሩ ውሃ ገብቶበት ቆመ። ባለ 160 የፈረስ ጉልበት ሞተር የያዘውን ደፔርዱሳን አውሮፕላን ያበረረው ሞሪስ ፕሬቮ ዙሩን ሁሉ ፈጸመ፤ ነገር ግን የመድረሻውን መስመር ያቋረጠው በአየር ሳይሆን ውሃ ላይ አርፎ ነበርና ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ቻርልስ ዌይማን የተባለው አሜሪካዊ ግን 24 ዙር ከበረረ በኋላ በሞተር ብልሽት አቋረጠ። ፕሬቮ ይህን ሲሰማ እንደ ገና ተነሥቶ መስመሩን በአየር አለፈና አሸነፈ። በመካከሉ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ባከነ የተመዘገበለት ጊዜ 3 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 73.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በመዝገብ የሰፈረው ቁጥር የአውሮፕላኑን ችሎታ አልገለጸም፤ የደንቡን ቃል ብቻ ጠበቀ።

በተከታዩ ዓመት እንግሊዞች ሶፕዊዝ ታብሎይድ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ይዘው ቀረቡ። በአገራቸው በሃምብል ወንዝ ላይ ስትሞከር በአንድ ተንሳፋፊ ብቻ መቆም ተስኗት ተገልብጣ ነበር። ጊዜው አጭር ስለነበር ሠራተኞቹ ተንሳፋፊውን ከመካከሉ በመጋዝ ሰንጥቀው ሁለት አደረጉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት በዚህ ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ። ሚያዝያ 20 ቀን 1914 ሃዋርድ ፒክስተን፣ ከሞተሩ ዘጠኝ ሲሊንደሮች አንዱ በመንገድ ላይ ቢደክምበትም፣ 280ውን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ13 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ በሰዓት 139.7 ኪሎ ሜትር ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ውድድሩ ተቋረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ ግቡና መለኪያው መለያየታቸው ግልጽ ሆነ። በ1920 በቬኒስ በተደረገው ውድድር እያንዳንዱ አውሮፕላን 300 ኪሎ ግራም ጭነት እንዲይዝ ታዘዘ፤ ይህ ደንብ የሽናይደርን ምኞት የጠበቀ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ተሠረዘ። ባሕር የመቻል ፈተና ባይቀርም ዋንጫው የሚሰጠው ለፈጠነ ነበርና መሐንዲሶቹ ፍጥነትን ብቻ አሳደዱ። በ1931 እንግሊዞች ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸንፈው ዋንጫውን ሲያስቀሩ፣ ሬጂናልድ ሚቸል የነደፈው አውሮፕላን በሰዓት 547 ኪሎ ሜትር በረረ። አብራሪው ከገባበት በኋላ ለመንገደኛም ሆነ ለዕቃ የሚተርፍ ቦታ አልነበረውም።

ይህ ሲባል ድካሙ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ሚቸል ከዚህ ያገኘው ልምድ ኋላ ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሲነድፍ ጠቅሞታል። ነገር ግን መንገደኛ ከወደብ ወደ ወደብ ያመላለሱት ታላላቅ የባሕር አውሮፕላኖች የተሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ሽናይደር የጦር መሣሪያ አልተመኘም፤ የተመኘው የሰላም መጓጓዣ ነበር። እርሱም በ1928 ከሞናኮ ብዙ በማትርቀው በቦልዮ በድህነት ዐረፈ፤ ዋንጫው ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይታያል።

ማናቸውም የሙያ ማኅበር ደረጃ ሲያወጣ፣ ሽልማት ሲሰጥ ወይም ጨረታ ሲዳኝ የሞናኮን ታሪክ ማስታወስ ይገባዋል። ባለሙያ የሚደክመው በመግቢያው ላይ ለተጻፈው ዓላማ ሳይሆን ነጥብ ለሚሰጥበት ነገር ነው። ስለዚህ ዓላማውን የሚወድ ማኅበር መለኪያውን ከዓላማው ጋር ያስማማ።