በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ሥር የተገኘው ግዙፍ ስሎዝ

በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የሲያትል-ታኮማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ቦታ አይደለም። ብዙዎች መጀመሪያ ወደ አገሩ የገቡት በእርሱ በኩል ነው፤ በታክሲ ሹፍርና፣ በጽዳት፣ በሻንጣ ጭነት እንጀራቸውን የሚያገኙበትም ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1961 በዚሁ ማረፊያ ለማኮብኮቢያ መብራቶች መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች ከመሬት ሥር ትልልቅ አጥንቶች አጋጠሟቸው። አጥንቶቹ የፈረስም የላምም አልነበሩም። ጉዳዩ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ለሚገኘው የበርክ ሙዚየም ደረሰ፤ ባለሙያዎችም መጥተው አጽሙን በጥንቃቄ አወጡት።

የተገኘው «ሜጋሎኒክስ ጄፈርሶኒ» በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቅ፣ ከምድር ገጽ የጠፋ የመሬት ስሎዝ ነው። ስሎዝ ዛሬ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች በዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ እጅግ ዝግተኛ የሆነ ትንሽ እንስሳ ነው። የሲያትሉ ዘመዱ ግን ዛፍ ላይ ሊወጣ የሚችል አልነበረም። ቁመቱ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም አንድ ቶን የሚጠጋ ሲሆን፣ በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ ወፍራም ጅራቱን እንደ ሦስተኛ እግር ተደግፎ፣ ከፍ ያሉ ቅርንጫፎችን በረጃጅም ጥፍሮቹ ወደ አፉ እየሳበ ቅጠል ይበላ ነበር። ጥፍሮቹን ብቻ ያየ ሰው ሥጋ በል አውሬ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ከታች እንደምናየው አንድ ታላቅ ሰውም በዚሁ ተሳስቷል።

የስሎዝ የቅርብ ዘመዶች አርማዲሎና የአሜሪካው ጉንዳን በል ናቸው። አርማዲሎ ጀርባው በአጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ፣ አንዳንዱ ዝርያ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለል እንስሳ ነው። ከዚህ ወገን ከጠፉት መካከል በይበልጥ የሚታወቀው ግሊፕቶዶን ይባላል፤ መጠኑ አነስተኛ መኪና የሚያህል ሲሆን፣ እንደ ኤሊ ድፍን የሆነ የአጥንት ጋሻ ተሸክሞ ይዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የዲኤንኤ ጥናት ግሊፕቶዶኖች ከአርማዲሎዎች የተለዩ ዘመዶች ሳይሆኑ ራሳቸው በአርማዲሎ ሐረግ ውስጥ የሚገቡ መሆናቸውን አሳይቷል። የቤተሰቡ ሁሉ መለያ በወገብ አጥንቶች ላይ ያለ ትርፍ መጋጠሚያ ነው፤ በሌላ አጥቢ እንስሳ ላይ አይገኝም።

ይህ ወገን ወደ አፍሪካ ተሻግሮ አያውቅም። የጥንት ተመራማሪዎች ግን በአገራችን ቆላማ ስፍራዎች ጭምር የሚኖረውን አዋልድጌሳን ከእነርሱ ጋር ይመድቡት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ እርሱም ምስጥና ጉንዳን ይበላል፣ በጠንካራ ጥፍሩ ይቆፍራል፣ ጥርሶቹም የውጭ መስታወት የላቸውም። ዛሬ አዋልድጌሳ ለዝሆን የሚቀርብ፣ ከአርማዲሎ ጋር ግን ምንም የቅርብ ዝምድና የሌለው መሆኑ ታውቋል። መልክን እያዩ ዘመድ መቁጠር በስሎዞችም ላይ ስሕተት አስከትሏል። ሜጋሎኒክስ ለረጅም ጊዜ የባለ ሁለት ጣቱ ስሎዝ ዘመድ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ የፕሮቲንና የዲኤንኤ ጥናቶች ይበልጥ የሚቀርበው ለባለ ሦስት ጣቱ መሆኑን አመለከቱ።

የስሎዞች መነሻ ደቡብ አሜሪካ ነው። የፓናማ ልሳነ ምድር ሁለቱን አህጉሮች ከማገናኘቱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ የሜጋሎኒክስ ቅድመ አያቶች ባሕር ተሻግረው ሰሜን አሜሪካ ደርሰዋል። ዝርያው እየተስፋፋ እስከ አላስካና እስከ ካናዳዋ ዩኮን ዘልቋል። ከስሎዞች ሁሉ ወደ ሰሜን ይህን ያህል የራቀ ሌላ አይታወቅም።

ስሙ ውስጥ ያለው «ጄፈርሶኒ» በኋላ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሆኑት ለቶማስ ጄፈርሰን መታሰቢያ ነው። ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው ምድር፣ ከአንድ ዋሻ የወጡ አጥንቶች ተልከውላቸው ነበር። ጄፈርሰን ትልልቆቹን ጥፍሮች አይተው ከአንበሳ እጅግ የሚበልጥ አውሬ ነው ብለው ገመቱ፤ «ታላቅ ጥፍር» ሲሉም በግሪክኛ ሜጋሎኒክስ ብለው ሰየሙት። ጽሑፋቸውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1797 በፊላደልፊያ ለአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ሊያቀርቡ ሲሉ ግን ስለ አንድ የደቡብ አሜሪካ ግዙፍ ስሎዝ የተጻፈ ዘገባ አነበቡና የራሳቸውን ግምት መጠራጠር ጀመሩ። አውሬ የተባለው እንስሳ የስሎዝ ወገን መሆኑን ከሁለት ዓመት በኋላ ያረጋገጠው ሐኪሙ ካስፓር ዊስታር ነው።

ጄፈርሰን ፍጥረት ከነዘሩ ይጠፋል የሚለውን ሐሳብ አይቀበሉም ነበር። በእርሳቸው እምነት ይህ እንስሳ ባልታወቀው ምዕራብ አንድ ቦታ በሕይወት መገኘት ነበረበት። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1803 ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላዘመቷቸው ለሉዊስና ለክላርክ በሰጡት መመሪያ፣ ብርቅ ወይም ጠፍተዋል የሚባሉ እንስሳት ቅሪትና ወሬ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተጓዦቹ በ1805 መጨረሻ የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባበት ደረሱ። ሜጋሎኒክስን አላገኙም። የሲታኩ አጽም በዚያን ጊዜ ከእነርሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ከመሬት ሥር ተኝቶ ነበር።

አጽሙን ጠብቆ ያቆየው ረግረግ ነው። ውሃ ባቆረ ስፍራ ሳይበሰብስ የተከማቸ ጥቁር የዕፅዋት ቅሪት አየር ስለማያስገባ፣ በውስጡ የሰጠመ አጥንት ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በራዲዮካርቦን ዘዴ ሲለካ የሲያትሉ ስሎዝ ዕድሜ 12,500 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ የራዲዮካርቦን ዓመት ወደ ቀን መቁጠሪያ ዓመት ሲለወጥ ግን ቁጥሩ ከ14,000 ይበልጣል። ከዚያ ጥቂት ሺህ ዓመታት ቀደም ብሎ ዛሬ ሲያትል የተሠራችበትን ምድር 900 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው በረዶ ተጭኖት ነበር። በረዶው ሸሽቶ፣ ጉድጓዶቹ ሐይቅና ረግረግ ሆነው፣ ደን ሲበቅል ስሎዙ ተከትሎ መጣ። እንዴት እንደሞተ አጥንቱ አይናገርም፤ ጭቃ ይዞት ቀርቶ ይሆናል።

የዝርያው ፍጻሜ ግን የሚያከራክር ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ የአሜሪካ ማሞቶች፣ ማስቶዶኖች፣ ግሊፕቶዶኖችና የመሬት ስሎዞች በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፉ። አንዳንዶች የአየር ንብረቱን ለውጥ፣ ሌሎች አዲስ የመጣውን አዳኝ የሰው ልጅ ተጠያቂ ያደርጋሉ፤ ሁለቱ ተደራርበው ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። በኦሃዮ ግዛት በተገኘ የሜጋሎኒክስ የጭን አጥንት ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጠ የሚመስል ምልክት ታይቷል። ከሲያትል ብዙ ሳይርቅ በሴክዊም ከተማ አቅራቢያም የጎድን አጥንቱ ውስጥ ስለት የተሰካበት ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በ1977 ተገኝቷል። ከሁሉ ጠንካራ የሚመስለው ማስረጃ የሚመጣው ግን ከኩባና ከአጎራባች ደሴቶች ነው። በዚያ የነበሩ ስሎዞች በአህጉሩ ካሉት በኋላ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረው፣ የጠፉት ሰው ደሴቶቹ ላይ በደረሰበት ዘመን አካባቢ ነው። የአየር ንብረቱ ብቻ ገድሏቸው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል መሰንበታቸውን ማስረዳት ያስቸግራል። ዝሆንና ጉማሬ በአፍሪካ የተረፉት ከሰው ጋር አብረው ስላደጉና ስለተጠነቀቁ ነው የሚለው ማብራሪያም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚካሄደው በጥቂት አጥንቶች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የተገኙት ሌላ ነገር ሲቆፈር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በሲያትል መሐል፣ ሳውዝ ሌክ ዩኒየን በሚባለው ሰፈር ለሕንፃ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የማሞት ጥርስ ተገኘ። በአሜሪካ ሕግ በግል ይዞታ ላይ የተገኘ ቅሪተ አካል የባለ መሬቱ በመሆኑ፣ የበርክ ሙዚየም ሊያወጣው የቻለው ባለቤቱ ስለፈቀደ ነው። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተለየ መንገድ ይከተላል፤ በሕንፃ፣ በመንገድ ወይም በማዕድን ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወዲያው ማሳወቅና እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ሆኖም ሕጉ የሚሠራው ቆፋሪው ያየውን ለይቶ ሲያቆም ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ ትኩረት የሳበው በአርኪዮሎጂስት ሳይሆን በውሃ ጥናት ባለሙያው ሆላንዳዊ ጄራርድ ዴከር ዓይን ነበር።

የሲታኩ ስሎዝ ዛሬ በበርክ ሙዚየም ይገኛል። የሙዚየሙ አዲስ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የተከፈተ ሲሆን፣ ጎብኚዎች ተመራማሪዎች አጥንት ሲያጸዱና ሲጠግኑ በመስታወት በኩል ማየት ይችላሉ።