ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበት በር፦ ከጅግጅጋ የታየ ታሪክ

ጅግጅጋ ውስጥ የሚታከም ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ሐሰን የሚባል ልጅ በሶማልኛ በተጻፈው የትምህርት ማስረጃው ላይ ስሙ በላቲኑ ኤክስ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ በተሞላ ቅጽ ላይ በኤች ይጀምራል። በአማርኛ በተጻፈ የሪፈር ወረቀት ላይ ደግሞ አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል። ዓሊም እንዲሁ ነው፤ በሶማልኛ በሲ፣ በእንግሊዝኛ በኤ። ከቶጎ ጫሌ ወይም ከቀብሪ በያህ የመጣች እናት «ባለፈው እዚሁ ታክሟል እኮ» ስትል እውነቷን ነው፤ ካርዱ ግን በሌላ ፊደል ሥር ተቀምጧል። ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣል፤ በአዲሱ ላይ ደግሞ ልጁ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው አልተጻፈም።

ሐኪም ስለ ፊደልና ስለ ኮምፒውተር ምን አገባት ለሚል አንባቢ መልሴ ይኸው ነው። ስለ ክፍላችንና ስለ መምህራኖቻችን የሚጽፉ በዚህ መጽሐፍ አይጠፉም፤ እኔ ይህችን ታሪክ ልያዝ።

ሶማልኛ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ያየውን የጽሕፈት ዕጣ ያየ ቋንቋ ብዙ አይደለም። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ዑስማንያ የሚባለውን ፊደል ፈጠሩ። በ1933 ገደማ ደግሞ ከአውበሬ ማዶ ባለችው ቦረማ ሼኽ አብዱራህማን ሼኽ ኑር የራሳቸውን ፊደል አወጡ። ሶማሊያ ጥቅምት 1972 (እ.ኤ.አ.) ላቲንን መረጠች። በእኛ በኩል በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር፣ ሶማልኛ ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጋር በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ክልሉ ወደ ላቲኑ ዞረ። ጅግጅጋ ውስጥ አባት በሳባው ፊደል፣ ልጅ በላቲን ሶማልኛ ያነበቡበት ቤት ቢገኝ አይደንቀኝም።

ላቲኑን የመረጡት ሰዎች ያኔ ያላሰቡት አንድ ነገር ተከተለ። የሶማልኛ የላቲን አጻጻፍ ከእንግሊዝኛው 26 ፊደላት ውጪ አንድም ሌላ ፊደል አይፈልግም፤ ነጥብ የለው፣ ቆብ የለው። ለ«ሐ» ኤክስን፣ ለ«ዐ» ሲን ሰጥተው ጨረሱት። ኮምፒውተር ደግሞ ከ1963 ጀምሮ አስኪ በሚባለው ሰንጠረዥ የሚያውቀው እነዚያኑ 26 ፊደላት ነበር። ስለዚህ አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ሶማልኛ ያለ ማንም ጥረት በዚያው ቀን ይጻፍበት ነበር። አማርኛ ግን በር ላይ ቀረ።

ለምን እንደቀረ ለመረዳት ማሽኑን ትንሽ መክፈት ያስፈልጋል። የፒሲው የጽሑፍ ስክሪን 80 በ25፣ ማለትም 2,000 ሳጥን ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ባይት ይመደባል፤ አንዱ የፊደሉን ቁጥር፣ ሌላው ቀለሙን ይይዛል። በቀለም ካርዶች ላይ ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከቢ800 በሚጀምረው የማስታወሻ ክፍል ነው። የፊደሉ መልክ ግን በመጀመሪያዎቹ ካርዶች በማይለወጥ ቺፕ ላይ ተቃጥሎ የመጣ ነበር። 65 ቁጥር ኤ ነው፤ አለቀ። መልኩን መለወጥ የፈለገ ቺፑን ነቅሎ ሌላ መትከል ነበረበት። በ1984 የመጣው ኢጂኤ፣ በኋላም በ1987 ቪጂኤ ይህን ለወጡት፤ የፊደሉን ሥዕል ፕሮግራም ራሱ እንዲጭነው ፈቀዱ። በቪጂኤ አንድ ፊደል 8 በ16 ነጥብ፣ በጠቅላላው 16 ባይት ነው።

ይህን ለማድረግ ግን ፕሮግራመሩ እጁን እስከ ሃርድዌሩ መስደድ አለበት። በዘመኑ የነበሩት እንደ ፓስካልና ቤዚክ ያሉ ከፍተኛ የፕሮግራም ቋንቋዎች የተሠሩት ሰው ስለ ሽቦና ስለ ቺፕ እንዳያስብ ነበር። ቢሆንም ትንሽ በር ትተውለታል። በቤዚክ ፒክ ብሎ ከማስታወሻ ማንበብ፣ ፖክ ብሎ መጻፍ ይቻላል። በ1983 የወጣው ቱርቦ ፓስካል ሜም እና ፖርት የሚባሉ ሁለት ስሞች ነበሩት። ሲታዩ ተራ የቁጥር መደርደሪያ ይመስላሉ፤ አንዱ ውስጥ ቁጥር ስታስቀምጥ ግን ቁጥሩ ቀጥታ ወደ ካርዱ ይሄዳል። ለእኔ ቢጤ ሰው ይህን የማስረዳው በመድኃኒት ነው። በአፍ የተዋጠ ክኒን በጨጓራ፣ በአንጀትና በጉበት አልፎ፣ ተጣርቶና ተቀንሶ ነው ደም ውስጥ የሚደርሰው። በደም ሥር የተሰጠ ግን ወዲያው ይደርሳል። ፍጥነቱም አደጋውም ከዚያው ነው። ሄርኩለስ በሚባለው ካርድ ላይ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍ ሞኒተሩን እስከማበላሸት ያደርስ ነበር።

ኢንጂነሪንግ ያጠና ታላቅ ወንድሜ አንድ ክረምት ከትውስት ኮምፒውተር ጋር ቤት መጣ። «ነይማ እዪ» አለኝ። ጥቂት መስመር ጽፎ የ65 ቁጥርን ሥዕል በ«አ» ተካው። ስክሪኑ ላይ ቀድሞ ተጽፎ የነበረ ኤ ሁሉ፣ የፋይሎቹ ስም ውስጥ ያለው ሳይቀር፣ በአንድ ቅጽበት «አ» ሆነ። እናቴ ከኋላ ቆማ «ልጄ፣ ማሽኑ አማርኛ ተማረ ማለት ነው?» አለችው። «የለም እማዬ፣ ልብስ ነው የቀየርንለት። ሆዱ ውስጥ አሁንም ኤ ነው የሚያውቀው» አላት። ያን ጊዜ ሳቅን። የቀጣዩ ዐሥር ዓመት ችግር በሙሉ ግን እዚያች መልስ ውስጥ ነበር፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የቁጥር ጣጣ አለ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ቨን ከነቤተሰቡ፣ እነ ሏንና ሟን፣ ለኦሮምኛ የተጨመረውን ዸን፣ 20ውን የግዕዝ ቁጥር፣ አራት ነጥብና ሌሎቹን ምልክቶች ስንጨምር 256 ሳጥን ባለው ሰንጠረዥ አይበቃም፤ የላቲን ፊደል ቦታ ሳይቆጠር ማለት ነው። ቪጂኤ ሁለት ሰንጠረዥ በአንዴ አጣምሮ 512 ፊደል ማሳየት ይችል ነበር፤ ዋጋው ከ16 ቀለም 8ቱን ማጣት ነው። አንዳንዱ ይህን ከፈለ። ሌላው መንገድ የጽሑፍ ስክሪኑን ትቶ በግራፊክስ እያንዳንዱን ነጥብ መሳል ነበር፤ ያምራል፣ ግን ይዘገያል። ሦስት እግር ያላት «ጨ» ከነቅጥያዋ በ8 ነጥብ ስፋት ውስጥ እንዴት እንደምትጨናነቅ አስቡት። የአማርኛ የጽሕፈት መኪናም ቢሆን፣ የእነ ኢንጂነር አያና ብሩ ድካም ሳይዘነጋ፣ ከዚሁ ጥበት ጋር ነው የታገለው፤ የፊደሉን አካል በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት።

ስክሪን ብቻ አይበቃም። የቁልፍ ሰሌዳው የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙ መሐል ገብቶ ያንን ቁጥር መጥለፍና ሁለት ምት አጣምሮ አንድ ፊደል ማድረግ ነበረበት። ማተሚያውም ሌላ ነው። ያ የሚንጫረረው ባለ 9 መርፌ ማተሚያ የግዕዝ ፊደል አያውቅም፤ የትኛው መርፌ መቼ እንደሚመታ እየተነገረው ነበር «መ»ን የሚያወጣት። ዓይን፣ እጅና አፍ ለየብቻ መታከም ነበረባቸው ማለት ነው፤ ስፔሻሊስት ሳይኖር።

ይህን የሠሩት ሰዎች ስም በተመራቂዎች መጽሐፍ ላይ ቢነሳ ተገቢ ነው፤ አብዛኞቹ መንግሥትም ድርጅትም ሳያዛቸው የሠሩ ናቸውና። አቶ ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ ዳሸን የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ አወጡ፤ በኋላም ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ እንዲገባ ደከሙ። ዶክተር አበራ ሞላ (በጽዳት ዘመቻው ከሚታወቀው አርቲስት ስም ጋር እንዳይምታታ) በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ኮሎራዶ ሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ጻፉ። ሐኪም ምን አገባው የሚለው ጥያቄ እሳቸውም ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባለውን፣ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል ጽፎ ያለ ምንም ልዩ ካርድ በኢሜይል የመላላኪያ ሥርዓት ዘረጉ። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ የሚሉትን ስሞች ደግሞ ከእኔ ቀድማችሁ የተመረቃችሁ ታስታውሳላችሁ።

ታዲያ ወንድሜ ያለው ደረሰ። ሁሉም ልብስ ሰፊ የየራሱን ልክ ሰፋ። በአንዱ ፕሮግራም «አ» የተባለው ቁጥር በሌላው «ቶ» ሆነ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ቁጥር ነው፤ ያንኑ ፕሮግራም ያልጫነ ሰው ሲከፍተው የሚያየው የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነበር። የዊንዶውስ ፎንቶች ሲመጡ ካርዱን መነካካት ቀረ፣ ችግሩ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። እነዚያም ትንንሽ በሮች ተዘጉ፤ በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲና ከእሱ የተወለዱት እነ ኤክስፒ ተራ ፕሮግራም ፖርት ልንካ ሲል ያስቆሙታል። እኔ በበኩሌ በመዘጋታቸው አልቆጭም። ማንም በፈለገበት ሰዓት ደም ሥር የሚወጋበት ዋርድ አልፈልግም።

መፍትሔው በመስከረም 1999 (እ.ኤ.አ.) መጣ፤ ዩኒኮድ 3.0 ከ340 በላይ ለሚሆኑ የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። «አ» ከዚያ ወዲህ 4768 ናት፤ ጅግጅጋም ሆነ ጎንደር፣ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ላይ። ዑስማንያም በ2003 ተከተለ። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያ ሁሉ ትግል አልፎ ነበር፤ የዛሬ ተማሪዎቹ አማርኛውንም ሶማልኛውንም በአንድ ስልክ ሲጽፉ ሁለቱ በአንድ በር ያልገቡ መሆናቸውን የሚያስታውስ ነገር የለም።

የካርድ ክፍሉ ነገር ግን አላበቃም። ዩኒኮድ «ሐ»ን እና «ሀ»ን ለየብቻ ቁጥር ሰጣቸው፤ ልክ ነው፣ ፊደሎቹ ሁለት ናቸው። ማሽኑ ግን በዚህ ምክንያት ሐሰንና ሀሰን ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል፤ በኤክስ የተጻፈው ሦስተኛ፣ በኤች የተጻፈው አራተኛ። ይህንን ፖርት መንካት አይፈታውም። የሚፈታው የሶማልኛን፣ የአማርኛንና የእንግሊዝኛን አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ሰንጠረዥ ቢያወጣና የመዝገቡ ሶፍትዌር ሲፈልግ በዚያ እንዲፈልግ ቢደረግ ነው። ከመምህራኑ መካከል የቋንቋና የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች አላችሁ፤ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው፤ ወስዳችሁ ብታሠሩት ካርድ ክፍሉን እኔ አሳያችኋለሁ።

ሌላው ጥያቄ ለቀደሙት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በአማርኛ የጻፋችሁ ፋይሉ በዚያ ዘመን ቁጥር እንደተቆለፈ ፍሎፒ ላይ ይገኝ ይሆናል። ፍሎፒ ያረጃል፤ ማግኔቱ ይሞታል። የፕሮግራሙ መጫኛ ዲስክ ወይም የቁልፍ ሰሌዳ ሰንጠረዡ የታተመበት ወረቀት በሳጥን ሥር ያላችሁ ሰዎች ለዳግም ግንኙነቱ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ገጽ ከተገኘ ብዙ ጽሑፍ ይነበብበታል።