ከዳዺ እስከ ማንጎ ጠጅ፤ በነቀምቴ የማር መጠጥ ታሪክ ላይ አንዳንድ ነጥቦች

በነቀምቴ ከተማ፣ ቡርቃ ጃቶ የሚኖሩ አንዲት የማውቃቸው እናት በማር ብርዝ ላይ ማንጎና ሚጥሚጣ ጨምረው ጠጅ ይጥላሉ። መጠጡ በቀረበ ቁጥር «ይህስ ጠጅ አይባልም» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ የጓዳ ጨዋታ ቢመስልም የቃልና የታሪክ ጥያቄ ስላለበት በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን እንመልከት። ግዕዝ የማርን መጠጥ «ሜስ» ይለዋል፤ ትግርኛም ይህንኑ ስም ይዞ ቆይቷል። አማርኛ «ጠጅ» ሲለው የወለጋ ኦሮሞ ደግሞ «ዳዺ» ይለዋል። ተከራካሪዎቹ ጠጅ ማለት ማርና ጌሾ ብቻ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ አማርኛ ራሱ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀውን፣ ማር የሌለበትን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብሎ ከሰየመው ቆይቷል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ስም ይጠራዋል። በኦሮምኛውም «ዳዺ ወይኒ» ይባላል። እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች ማር ለሌለበት ፍሬ የፈቀዱትን ስም፣ ማር ላለበት ማንጎ የሚከለክሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ቁሳቁሱ ታሪክ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ዘመን የማር ጠጅ ሲጠጣ ማየቱን ጽፏል። ጌሾ የአፍሪካ ተክል ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ግን የአሜሪካ ተክሎች ሲሆኑ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገሩት ከ1492 ወዲህ ነው። ማንጎም የመጣው ከደቡብ እስያ ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ ወጥ የማይታሰብበት ማድቤት ሚጥሚጣን ከጋን ደጃፍ «እንግዳ ነሽ» ብሎ መመለሱ ያስገርመኛል።

ሌላው የማዕረግ ጉዳይ ነው። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ እ.ኤ.አ. በ1882 ከተካሄደው የእምባቦ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ገበሩ፤ ልጃቸው ደጃዝማች ኩምሳ (በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር) ተተኩ። በነቀምቴው ቤተ መንግሥት የተገኙት የአማርኛ ደብዳቤዎች በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ አዘጋጅነት ታትመዋል። (የሥነ ጽሑፍ ሰዎች እነዚህን ደብዳቤዎች ለታሪክ ክፍል ብቻ መተዋችን አይገባኝም፤ የዘመኑ የአማርኛ ስድ ንባብ እዚያም አለ።) በዚያ ሥርዓት ማር የሚገበር ነገር ነበር፤ ጠጅም በይበልጥ የግቢና የመኳንንት መጠጥ ሆኖ ሲቆይ ለሕዝቡ የቀረው ጠላው፣ በኦሮምኛው «ፈርሶ» ነበር። «ጠጅ እንዲህ ብቻ ነው» የሚለው ጥብቅ አነጋገር ከዚህ የማዕረግ አጥር የተረፈ ይመስለኛል።

ስለ አጣጣሉ ጥቂት ልበል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል። ጌሾው በጥቂት ብርዝ ተቀቅሎ ይመለስበታል። ማንጎው ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ የሚገባው ጌሾው ከወጣ በኋላ ነው፤ አዲስ ስኳር ይዞ ስለሚመጣ ጠጁ እንደገና ይገነፍላል፤ ስለዚህ ጋኑ አይሞላም። ሚጥሚጣዋ ሳትፈጭ፣ ፍሬዋ ተራግፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታስራ ጠጁ ከተጠለለ በኋላ ለአንድ ቀን ትነከራለች። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ከውኃ ይልቅ በአልኮል ስለሚሟሟ፣ ከዚያ በላይ ከቆየች ጠጁን የሚጠጣው አይገኝም። ሴትዮዋ ይህንን ያወቁት በምላሳቸው ነው፤ ጧትና ማታ እየቀመሱ።

በእኔ አስተያየት ጠጅን ከስሙ እያራቀ ያለው ማንጎም ሚጥሚጣም አይደለም፤ በየጠጅ ቤቱ በማር ስም የሚገባው ስኳርና ቢጫ ቀለም ነው። ማር ሲወደድ ስኳሩ ይበዛል፤ ጠጪው ግን የሚከፍለው ለማር ነው። በማንጎው ጠጅ ውስጥ ምን እንደገባ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በስኳሩ ግን ስሙ ይዋሻል። «አይባልም» ባዮቹ ለዚህኛው ዝም ማለታቸው ነው የሚከፋኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ነጭ የማንጎ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ተዛምቷል። የቡርቃ ጃቶዋ እናት ደህና ማንጎ ባጡበት ዓመት ብርቱካን ይጨምራሉ። ያን ጊዜም ለእንግዳቸው ሲቀዱ፣ ከብርሌው በፊት፣ «የዘንድሮው የብርቱካን ነው» ይላሉ።