ቴርሞስታት፣ ቀድሞ የሚከፍት

ቀድሞ የሚከፍት ቴርሞስታት ፋብሪካው ከገጠመው ባነሰ ሙቀት ተከፍቶ የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚለቅ ነው። በሳዑዲ ጋራዦች ቴርሞስታት «በለፍ ሐራራ» ይባላል፤ የሙቀት ቫልቭ እንደማለት ነው። ቀድሞ የሚከፍተውን አጥብቀው የሚፈልጉት በአብዛኛው ሱፐርቻርጀር ያላቸው የአሜሪካ ፒካፖች ባለቤቶች ናቸው። ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተመረተው ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ (5.4 ሊትር፣ መጀመሪያ 360 በኋላም 380 የፈረስ ጉልበት) እና በ2021 የወጣው ራም ቲአርኤክስ (6.2 ሊትር፣ 702 የፈረስ ጉልበት) የዚህ ዓይነት መኪኖች ናቸው። ፋብሪካዎች ለቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ88 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚከፍተውን ይመርጣሉ። በምትኩ የሚገዙት በፋራናይት 160፣ 170 እና 180 የተጻፈባቸው ሲሆኑ ወደ ሴንቲግሬድ ሲመለሱ 71፣ 77 እና 82 ግድም ይሆናሉ።

ዕቃው ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመመዘን ባሕራ ጥሩ ቦታ ናት። በአሮጌው የጅዳና የመካ መንገድ ላይ፣ በሁለቱ ከተሞች መሃል ትገኛለች። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሷት ኢብን ሳዑድና የእንግሊዙ ልዑክ ጊልበርት ክሌይተን በ1925 እ.ኤ.አ. በናጅድና በኢራቅ ጎሳዎች ጉዳይ ላይ ስምምነት ስላደረጉባት ነው። ሹፌር ግን የሚያስባት በሙቀቷ ነው። ጅዳ በጁን 2010 52 ዲግሪ ደርሳለች፤ በመካም በ2024ቱ ሐጅ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቧል። መንገዱ ዳገት የሚባል የለውም፤ መካ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 280 ሜትር ብቻ ናት። እዚህ ሞተር የሚያስጨንቀው ፀሐዩ፣ የራዲያተሩን ክንፎች የሚደፍነው አቧራና በሐጅ ሰሞን በሹመይሲ ኬላ የሚጠብቀው የመኪና ሰልፍ ነው።

የቴርሞስታት ልቡ ሰም ነው። ከመዳብ ወይም ከነሐስ የተሠራች ጣት የማታህል ቀፎ ሰም ታጭቆባታል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉም ስፕሪንጉን አሸንፎ መዝጊያውን ይከፍታል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይረጋል፣ ስፕሪንጉም መልሶ ይዘጋል። ኤሌክትሪክም ሆነ ኮምፒውተር አይነካውም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰርጂየስ ቬርኔት የሠራው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በአብዛኛው እንዳለ ነው። ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መክፈት የሚጀምርበት ነው፤ አፉን ሙሉ ለሙሉ ለመክፈት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ መጨመር አለበት። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች፣ ለምሳሌ፣ 82 የሚለው በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት ይጠበቅበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከምን በታች እንዳይቀዘቅዝ እንጂ ከምን በላይ እንዳይሞቅ አይደለም። ላይኛውን ጣሪያ የሚወስኑት የራዲያተሩ ስፋት፣ ፋኑ፣ የውሃ ፓምፑና የውጪው አየር ናቸው። በሐምሌ ቀትር ባሕራ ላይ ውሃው 105 ዲግሪ የደረሰበት ፒካፕ የፋብሪካው ቴርሞስታት ቀድሞውኑ ተበርግዷል፤ በ71 ቢቀየር ከዚያ በላይ የሚከፈት በር የለም። «መኪናዬ ያፈላል» ብሎ ለሚመጣ ሰው ይህን ዕቃ መሸጥ በእኔ ግምት ገንዘቡን መብላት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው በውሃውና በአየሩ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። አየሩ 45፣ ውሃው 95 ከሆነ ልዩነቱ 50 ነው። ውሃውን 71 ላይ ላቁም ካሉ ልዩነቱ ወደ 26 ይወርዳል፤ ያው ራዲያተር በግማሽ ልዩነት ያንኑ ሙቀት እንዲያስወጣ መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ 22 ሲሆን 71 ዲግሪ ውሃ የ49 ልዩነት ይሰጣል፤ ከባሕራው 95 ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ባሕራ ላይ 71 የሚል ቴርሞስታት የገጠመ ሰው በሙቀቱ ወራት ጌጁ ላይ የሚያየው 71 አይደለም። ቁጥሩን የሚያየው ማታ፣ በቀዝቃዛው ወራት፣ ያም በሰፊ መንገድ ሲነዳ ነው።

ታዲያ ለምን ይገጠማል? ለጉልበት ነው። ሱፐርቻርጀር አየሩን ሲጨምቅ ያግለዋል፤ የጋለ አየር የጋለ ቴስታ ውስጥ ሲገባ ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል፣ ሞተሩም ያንኳኳል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ ወይም ውሃው በጣም ሲሞቅ ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ ያዘገያል፤ ጉልበት የሚጠፋው ያኔ ነው። ቴስታው ጥቂት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ማንኳኳቱ ይርቃል፤ በተለይ በሳዑዲ ማደያ በቀዩ ቧንቧ የሚቀዳውን 95 ትቶ በአረንጓዴው 91 ለሞላ ሰው። ይሁን እንጂ በላይትኒንግም ሆነ በቲአርኤክስ የተጨመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር የራሱ የተለየ የውሃ መስመር አለው፤ የሞተሩ ቴርሞስታት እዚያ አይደርስም። ባሕራ ላይ ዋናው ጠላት ደግሞ ያ የሚገባው አየር ነው።

ዕቃው እንዲሠራ ከተፈለገ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት በኮምፒውተሩ ላይ አብሮ መውረድ አለበት። ፋኑ 100 አልፎ እንዲነሳ ተጽፎ ሳለ ቴርሞስታቱ በ71 ቢከፈት ሹመይሲ ሰልፍ ላይ የቆመ መኪና ውሃው እንደ ድሮው ይሞቃል። ያለ ፕሮግራም ማስተካከያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ የተረፈው ቤንዚን በግድግዳው ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፒ0128 የሚባለው ኮድ ይመዘገብና ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። ባሕራ ላይ ይህ ጉዳት የሚብሰው በጃንዋሪ ማለዳ ነው፤ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። 77 ወይም 82 ላይ መቆም የሚመከረው ለዚህ ነው። የጃፓን አምራቾችም ለአንዳንድ ሞተሮች 76.5፣ 82 እና 88 ብለው እያማረጡ ይሸጣሉ።

በአገራችን ጋራዦች የተለመደው መፍትሔ ግን መቀየር ሳይሆን ነቅሎ መጣል ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ ከችግሩ ይብሳል። ብዙ ቶዮታዎች ከታች በኩል ሁለተኛ መዝጊያ ያለው ቴርሞስታት አላቸው፤ ዋናው በር ሲከፈት ያ ከታች ያለው የማለፊያውን መስመር ይደፍናል። ተነቅሎ ሲወጣ ማለፊያው ክፍት ይቀርና የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ባለቤቱ ሞተሬ ይቀዘቅዝልኛል ሲል ዳገት ላይ ያፈላበታል፣ ከዚያ የቴስታ ጓርኒሲዮን ፍለጋ ነው።

ሲገጠም ሞተሩ ፍጹም መቀዝቀዝ አለበት። ሰሙ ያለበት ጫፍ ወደ ሞተሩ ይዞራል፤ ትንሿ የምትወዛወዝ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሆናለች፤ አለዚያ የተያዘው አየር ውሃው ሰሙን እንዳይነካ ይከለክላል። ከዚያ አየሩ እስኪወጣ ድረስ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይሠራል፣ ኩላንቱም እየተሞላ ይሄዳል።

ከመግጠም በፊት መፈተን የቆየ ልማድ ነው። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ማፍላት ነው። ጅዳ ላይ ውሃ በ100 ስለሚፈላ የ95ቱም ቢሆን ሲከፍት ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ92 ግድም ነው፤ ምንም ያህል እሳት ቢጨመር ከዚያ አያልፍም። እና 95 የሚል አዲስ ቴርሞስታት ሲንተከተክ ውሎ ንቅንቅ ሳይል «የተበላሸ ነው» ተብሎ ይጣላል። በውሃው ፋንታ እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ቢፈላ ከፍ ያለ ሙቀት ይደርስና በሩ መነቃነቅ ሲጀምር ይታያል፤ ኩላንት መርዝ ስለሆነ ግን ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ወጥ አይሠራበትም።