የመጻሕፍት ባላደራዎች ዜና መዋዕል

በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቦስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደ ተመሠረተና የከተማዪቱ ሰዎች በባላደራነት እንዴት እንደ ጠበቁት የሚናገር ታሪክ ይህ ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ አንባቢ ጊዜውን እንዲያስተውል ግን በአንድ ሁለት ስፍራ የሀገራችንን ነገር ጣል አድርገናል።

በ1841 አሌክሳንደር ቫትማር የሚባል ፈረንሳዊ ወደ ቦስተን መጣ። ይህ ሰው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ድምፁን ከሣጥን ውስጥ ወይም ከበር ኋላ የሚወጣ አስመስሎ እየተናገረ፣ በየነገሥታቱ አደባባይ ሰውን የሚያስቅ ባለ ትርኢት ነበረ። በየሀገሩ ሲዞር ግን አንድ ነገር አየ፤ በአንዱ ቤተ መጻሕፍት ሁለትና ሦስት ሆኖ አቧራ የለበሰው መጽሐፍ በሌላው ፈጽሞ አይገኝም። ስለዚህ ከተሞች መጻሕፍት ይለዋወጡ እያለ ይሰብክ ጀመር። የቦስተን ሰዎች ሰሙት። ከፓሪስ ከተማም የመጻሕፍት ስጦታ መጣላቸው፤ የመጣውን የሚያኖሩበት የሕዝብ ቤት ግን አልነበራቸውም። ትልቅ ነገር በባለ ትርኢት ተጀመረ ብሎ መጻፍ የሚያሳፍረው ጸሐፊ አይጠፋም፤ እኛ ግን የሆነውን እንጽፋለን።

ቦስተን እስከዚያ ድረስ ያለ መጽሐፍ ኖረች ማለት አይደለም። በ1807 የተመሠረተ አቴኒየም የሚባል ቤተ መጻሕፍት ነበራት፤ መጻሕፍቱም ብዙ፣ ሊቃውንቱም ብዙ። ዳሩ ግን የባለ አክሲዮኖች ነበረና ድሃ በደጁ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይገባበትም።

በ1847 ከንቲባ ጆሳያ ኩዊንሲ ስማቸውን ሸሽገው፣ ሕዝቡ 10,000 ዶላር ቢያዋጣ እኔ 5,000 እጨምራለሁ አሉ። ሕዝቡ አላዋጣም። በሚቀጥለው ዓመት በ1848 ግን ግዛቲቱ ሕግ አወጣች፤ ቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አቁማ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር እንድታወጣበት ተፈቀደላት። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ በ1833 ቀድማ ይህን አድርጋ ነበር፤ ከታላላቆቹ ከተሞች ግን በግብር ገንዘብ ለሁሉ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ለማቆም ሕግ ያስወጣች ቦስተን ናት።

ሕግ ወጣ እንጂ ቤት አልተሠራም። አራት ዓመት ስጦታ እየመጣ ተከመረ። ከንቲባ ጆን ቢገሎ 1,000 ዶላር ሰጡ። ኤድዋርድ ኤቨረት ከ1,000 በላይ የመንግሥት ሰነዶችና መዛግብት አበረከቱ። እኚህ ኤቨረት የግዛቲቱ ገዥ፣ በለንደን የሀገራቸው መልእክተኛ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ ንግግራቸው ረጅምና ያማረ ሰው ናቸው። ኋላ በጌቲስበርግ ሁለት ሰዓት ተናግረው ከእርሳቸው ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ የተናገረው የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሊንከን ስማቸውን የሸፈነባቸው እርሳቸው ናቸው።

በ1852 አዲሱ ከንቲባ ቤንጃሚን ሲቨር፣ ይህ ክምር ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ኃላፊ ይሾምለት፣ በላዩም የባላደራዎች ጉባኤ ይቁም አሉ። ኤድዋርድ ኬፐን የቤቱ ኃላፊ ሆኑ። ኤቨረት የባላደራዎቹ አለቃ ሆነው ተሾሙ፤ ጆርጅ ቲክኖርና የቀድሞው ከንቲባ ቢገሎ አብረዋቸው ገቡ፤ ከከተማው ምክር ቤትም አባላት ተጨመሩ።

እዚህ ላይ የባላደራ ነገር ምን እንደ ሆነ እንናገር፤ ይህን ያላወቀ የኋላውን ጠብ አያስተውልምና። ባላደራ የቤቱ ባለቤት አይደለም፤ ደመወዝም አይበላም። ማን ቢሠራ ይሻላል፣ የትኛው መጽሐፍ ይገዛ፣ ለማን ስንት ቀን ይዋስ፣ ያጠፋ ምን ይቀጣ፣ ይህን ሁሉ ተሰብስቦ ይመክራል፤ በየዓመቱም ያደረገውን ጽፎ ለከተማው ያቀርባል። የገንዘብ ከረጢቱ ግን በምክር ቤቱ እጅ ነው። ባላደራው ቁልፍ ይዞ ከረጢት የሌለው ሰው ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ በየዓመቱ ከከተማው ሕዝብ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው፣ አንዱ ባላደራ ሰብሳቢ ሆኖላቸው፣ መደርደሪያውንና መዝገቡን ይመረምሩ ነበር። ስለዚህ ባላደራውንም የሚያይ ዓይን ነበረበት።

ገና ሥራው ሳይጀመር በኤቨረትና በቲክኖር መካከል ክርክር ተነሣ። ኤቨረት ያሰቡት ሊቅ ገብቶ የሚመረምርበትን፣ መጽሐፉም ከቤቱ የማይወጣበትን ነበር፤ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤት መሄድ ጥፋት ያመጣል ብለው ይፈሩ ነበር። ቲክኖር ግን ይህን እንቢ አሉ። ሰው ሁሉ የሚወደውንና የሚፈልገውን መጽሐፍ በብዙ ቅጂ እንግዛ፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይውሰደው፤ ዛሬ ተረት ያነበበ ነገ ታሪክ ያነብባል፤ ይህ ካልሆነ እኔ ባላደራ አልሆንም ያሉት እርሳቸው ናቸው። የሚያስደንቀው ቲክኖር የድሃ ልጅ አለመሆናቸው ነው። በሃርቫርድ ያስተማሩ፣ የስፔይንን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የጻፉ፣ በከተማዪቱ ትልቅ የግል ቤተ መጻሕፍት የያዙ፣ ከመኳንንቱ ወገን የሚቆጠሩ ሰው ናቸው። የሕዝቡን ነገር ከሕዝቡ የተወለደ ሁሉ አይናገረውም፤ አንዳንድ ጊዜ ከሰገነት ላይ ያለ ሰው ይናገረዋል።

ኤቨረት ተረቱ፤ ለክብራቸው የሚነገርላቸውም ይህ ነው። በሐምሌ 1852 ሁለቱ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው አንድ ጽሑፍ አወጡ፤ ዋናውን የጻፉት ቲክኖር ናቸው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያነብበው የሚሻ መጽሐፍ በዚያው መጠን በብዙ ቅጂ ይገዛ የሚለው ቃል በዚያ ውስጥ ገባ። ጽሑፉ የከተማው 37ኛ ሰነድ ተብሎ ታተመ። ጽሑፉም ባላደራዎቹ ወዳላሰቡት ሀገር ሄደ።

በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ ለውኃ ሥራ ገንዘብ ልትበደር ከለንደን ባሪንግ ወንድማማቾች ከሚባሉት ባንከኞች ጋር ትደራደር ነበር። የከተማዪቱ ወረቀት ወደ ለንደን ሲሄድ የባላደራዎቹም ጽሑፍ አብሮ ሄደ። ከባንከኞቹ ማኅበርተኞች አንዱ ጆሹዋ ቤትስ የሚባሉት በማሳቹሴትስ፣ በዌይማውዝ የተወለዱ ነበሩ። ልጅ ሳሉ በቦስተን ሲሠሩ መጽሐፍ የሚገዙበት ገንዘብ፣ ክፍላቸውንም የሚያሞቁበት እሳት አልነበራቸውም፤ ማታ ማታ አንድ የመጻሕፍት መሸጫ ገብተው እዚያ ያነብቡ ነበር። ባለ ሱቁ አላባረራቸውም። ያን ነገር እስከ ሽምግልና ድረስ አልረሱትም።

ጥቅምት 1 ቀን 1852 ቤትስ ለከንቲባው ደብዳቤ ጻፉ። መጻሕፍት የሚገዙበት 50,000 ዶላር እሰጣለሁ፤ ከተማዪቱ ግን ለጌጥዋ የሚሆን ቤት ትሥራ፤ ከ100 እስከ 150 ሰው በጠረጴዛ ተቀምጦ የሚያነብበት አዳራሽ ይኑረው፤ ለሁሉም በነፃ ይከፈት አሉ። የሰጪ ልማድ ስሜ ይጻፍልኝ ማለት ነው። እኚህ ግን ጠረጴዛና ሙቀት ነው የለመኑት፤ ያልነበራቸውን ነገር ለሚቀጥለው ልጅ ለመኑለት። ባላደራዎቹም ገንዘቡን አልበሉትም፤ ዋናው ይቀመጥ፣ በወለዱ መጽሐፍ ይገዛ ተባለ። በዚያው ዓመት በኅዳር በእኛ ሀገር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አድርገው ወደ ዙፋኑ መንገድ ጀምረው ነበር።

መጋቢት 20 ቀን 1854 በሜሰን ጎዳና፣ በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት በሁለት ክፍል የንባብ ስፍራ ተከፈተ። ግንቦት 2 ቀን መጽሐፍ በውሰት መስጠት ተጀመረ። ስፍራው ጠባብ ነበር፤ ሰውም ሞላው። ከዚህ በፊት በ1853 የአቴኒየም መጻሕፍት ከሕዝቡ ቤት ጋር ይዋሐዱ የሚል ነገር ተነሥቶ ነበር፤ ቲክኖር ደገፉት። ሽማግሌው ጆሳያ ኩዊንሲ ግን፣ የዚያ 5,000 ዶላር ሊሰጡ የነበሩት ከንቲባ አባት፣ ብዕር አንሥተው ተከራከሩ፤ ነገሩም ቀረ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ቤተ መጻሕፍት ወደዱ።

ቲክኖር በ1856 በራሳቸው ወጪ ወደ አውሮፓ ተሻግረው ከዓመት በላይ መጻሕፍት ሲገዙ ቆዩ። በቦይልስተን ጎዳና የተሠራው አዲሱ ቤት ጥር 1 ቀን 1858 ተመረቀ። ታችኛው አዳራሽ ሕዝቡ ለሚዋሳቸው መጻሕፍት፣ ላይኛው ለምርምር ሆነ። እንግዲህ ኤቨረትም ቲክኖርም የፈለጉት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገኘ። ቤትስ ሌላ 50,000 ዶላር የሚያወጣ መጽሐፍ ጨመሩ፤ በ1864 ሲሞቱ የላይኛው አዳራሽ የቤትስ አዳራሽ ተባለ። ስሜን ጻፉልኝ ያላሉት ሰው ስም ተጻፈ።

ቲክኖር በጥር 1871 ሞቱ። የስፔይንና የፖርቱጋል መጻሕፍታቸውን ለቤቱ ተናዘዙ፤ በኑዛዜያቸው ግን ከቤቱ እንዳይወጡ አዘዙ። ሰው ሁሉ መጽሐፍ ወደ ቤቱ ይውሰድ ብለው የተሟገቱት ሰው የራሳቸውን ቆለፉበት። ለዚህ ምክንያት አላቸው፤ ሌላ የማይገኝለት መጽሐፍ ነው። ቢሆንም ኤቨረት በመቃብር ሳሉ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1868፣ የቤቱ የበላይ ተቆጣጣሪ የነበሩት ቻርልስ ጁኤት ሞቱና ጀስቲን ዊንዘር ተተኩ። ዊንዘር ባላደራ ነበሩ፤ ያለፈውንም ዓመት ምርመራ የመሩ እርሳቸው ናቸውና የቤቱን ጉድለት ከውጭ ሆነው ቆጥረውታል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰበረ። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ከሌላው ሀብት ጋር በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭነው ወረዱ፤ ብዙዎቹም ለንደን ገቡ። በአንዱ ሀገር መጽሐፍ ከለንደን በሚመጣ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ከሌላው ወደ ለንደን ይጫናል። ይህን ብቻ ብለን ወደ ቀደመው ነገር እንመለስ።

ዊንዘር ብርቱ ሰው ነበሩ። ባላደራዎቹ በ1870 በምሥራቅ ቦስተን ቅርንጫፍ እንዲቆም ወሰኑ፤ ባሕረ ሰላጤውን መሻገር ለሚቸግረው ሠራተኛ መጽሐፉ ራሱ ሄደለት። ከዚያም ሌሎች ቅርንጫፎች ተከተሉ። ነገር ግን ከረጢቱ በምክር ቤቱ እጅ ነው ብለናል። በ1877 የምክር ቤቱ ሰዎች የዊንዘርን ደመወዝ ቀነሱ። ሃርቫርድ ይህን ሰምታ ጠራቻቸው፤ ሄዱም። የምክር ቤቱ ሰዎች ጥቂት ገንዘብ ተርፎላቸው ሰውዬው ቀረባቸው። ከዚህ የተነሣ በ1878 ግዛቲቱ ለባላደራዎቹ የራሳቸውን ሕጋዊ ሰውነት ሰጠቻቸው፤ ንብረት መያዝ፣ ስጦታ መቀበል፣ ሠራተኛ መሾም በእጃቸው ጸና። ከብዙ ጉባኤ ይልቅ የአንድ ሰው መሄድ አስተማራቸው።

ቦይልስተንም ጠበበ። በ1880 ግዛቲቱ በኮፕሊ አደባባይ መሬት ሰጠች፤ በ1887 የግንባታው ሥልጣን ሁሉ ለባላደራዎቹ ተሰጠ። ባላደራው ሳሙኤል አቦት ውድድር ሳያወጡ ከኒው ዮርክ ማክኪም፣ ሚድና ዋይት የሚባሉትን መሐንዲሶች መረጡ። ከተማው አጉረመረመ፤ ወጪውም ከታሰበው በላይ እየጨመረ ሄደ። በ1892 ደግሞ የሚያስቅ ነገር ሆነ። በግድግዳው የታላላቅ ሰዎች ስም ተቀርጾ ነበር፤ አንድ የቦስተን ጋዜጣ ግን ሙሴ፣ ሲሴሮ፣ ካሊዳሳ፣ ኢሶቅራጥስ፣ ሚልተን የሚለውን ረድፍ ቁልቁል ቢያነብበው በእነርሱ ፊደል የየስሙ መጀመሪያ ማክኪም የሚል ሆነ። ቀጥለውም ሚድና ዋይት ተገኙ። የእኛ ደብተራ ቢሆን ወርቁን አግኝቶ ያደንቅ ነበር፤ የቦስተን ግብር ከፋይ ግን በእኔ ገንዘብ ነው ቅኔ የተቀኛችሁብኝ ብሎ ተቆጣ። ስሞቹም ተፋቁ።

ቤቱ በመጋቢት 1895 ተከፈተ። በበሩ ላይ ለሁሉ በነፃ የሚል ቃል ተቀረጸ፤ ትልቁም የንባብ አዳራሽ ዳግመኛ የቤትስ አዳራሽ ተባለ። ለሕፃናትም የተለየ ክፍል ተሰጣቸው።

በ1896 ማክኪም ለሟች ሚስታቸው መታሰቢያ አንድ የነሐስ ሐውልት ለቤቱ ሰጡ። ሠሪው ፍሬድሪክ ማክሞኒስ ነው፤ ራቁትዋን የምትጨፍር ሴት ናት፤ በአንድ ክንዷ ሕፃን ታቅፋ በሌላው የወይን ዘለላ ከፍ አድርጋለች። ባላደራዎቹ ተቀበሉ። ያን ጊዜ ሰባክያኑና የመጠጥ ተቃዋሚዎቹ ተነሡ፤ ልጅ ይዛ የሰከረች ሴት በመጻሕፍት ቤት ምን ትሠራለች አሉ። ባላደራዎቹ በአንድ ወገን ሰጪውን፣ በሌላው ሕዝቡን ይዘው ተጨነቁ። በ1897 ማክኪም ራሳቸው ስጦታውን አንሥተው በኒው ዮርክ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጡት።

ዛሬ የዚያች ሴት ቅጂ በቤቱ ግቢ፣ በውኃው መካከል ቆማለች። ሰዎችም ዙሪያዋን ተቀምጠው ያነብባሉ።