ገነተ ልዑል፦ ብዙ ባለቤት ያየ ቤት



አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የደረሰ ሰው የየካቲት 12ን ሐውልትና ከአጠገቡ ያለውን የዩኒቨርሲቲ በር ያውቀዋል። እኔ በዚያ በር የገባሁት ልጄ ተመድቦ፣ ሻንጣውን ይዤ ከዲላ ላደርሰው በሄድኩ ጊዜ ነው። የኔ ትምህርት ከኡስታዜ ምንጣፍ ተጀምሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ግቢውን ያየሁት በእንግዳ ዓይን ነው። እንግዳ ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። በግቢው ውስጥ ስላለው አንድ ቤት የጠየቅሁትንና በኋላም ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ቤቱ ገነተ ልዑል ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ብዙም ሳይኖሩበት በ1928 ዓ.ም. ተሰደዱ፤ ቤቱንም የጣሊያን እንደራሴ ያዘው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በኢጣሊያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ወንድ ልጅ ተወለደ ብሎ፣ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ሲል ሕዝቡን እዚሁ ግቢ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ሦስት ቀን ሙሉ ታረደች። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። ምጽዋት ሊቀበል የመጣ ድሃ ከግቢው ሳይወጣ ቀረ። ለታይታ የሚሰጥ ምጽዋት ነገር እዚህ ላይ ብዙ ያናግረኝ ነበር፤ ግን ወደ ቤቱ ልመለስ።

ጣሊያኖች ከቤቱ ፊት ለፊት አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ ሠርተው ነበር። ደረጃው ወደየትም አያደርስም። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር አንድ የፋሺስት ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት አስቀመጡበት። ልጄ «ለምን ተውት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠላት የሠራው ከፈረሰ ነገ ማን ያምነናል አልኩት። መልሴ እሱን ያጠገበው አይመስለኝም።

ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ተመልሰው በዚሁ ቤት ተቀመጡ። በ1952 ዓ.ም. እኛ ዘንድ፣ በጌዴኦ ምድር፣ በጭሰኝነት የተማረረው የቡና ገበሬ ሚችሌ ላይ ተነሥቶ ብዙ ሰው አለቀ። በተከታዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 1953፣ ደሙ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ሹማምንቱን እዚህ አገቱ። ነገሩ ሲከሽፍ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል ተኩስ ተከፈተባቸው። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሞቱት መካከል ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት የሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። በ1955 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሙዚየምም ተከፈተ፤ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀሩ የጎብኚ መመላለሻ ሆኑ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን መታጠቢያ ቤቱ አይደለም። ንጉሡ በዚህ ቤት በነበሩበት ዘመን አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበር፤ ዒዶቻችንም የሥራ ቀን ነበሩ። ይህን በመቃወም ታላቁ ሰልፍ የወጣው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን በተቋሙ የብራና ጽሑፎችና የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ዑለሞቻችን በእጃቸው የገለበጧቸው የዐረብኛ ኪታቦች አሉ። በዐረብኛ ፊደል የሀገራችን ቋንቋዎች የተጻፉባቸው ዐጀሚዎችም አብረው ተቀምጠዋል። ዝርዝራቸው ታትሟል።

«ኪታብ ሊቀራ ነው የተጻፈው፤ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል?» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ነገር ግን የኡስታዜን ኪታቦች ያየ ሰው ምን ይላል? አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲሞቱ እኛ ደረሶቻቸው ሦስቱን ተከፋፈልናቸው። የኔ ድርሻ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ከጣራው ሥር ዓመታት ተቀመጠ። በየክረምቱ ዝናብ ሲያንጠባጥብ አስታውሰዋለሁ፤ በጋ ሲገባ እረሳዋለሁ። አልቀራሁትም፤ አላስቀራሁትምም።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ አወረድኩት። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ምስጥ በልቷቸዋል። መሐሉ ደህና ነው፤ በጠርዙ ላይ ኡስታዜ በቀይ ቀለም የጻፉት ሐሺያ ይነበባል። እናንተም ዘንድ ከአያት የቀረ ጥቅል ካለ ዛሬውኑ አውርዳችሁ እዩት። የቀሩትን ሁለቱን ለማፈላለግ ይርጋ ጨፌ ለምትኖረው የኡስታዜ ልጅ መልእክት ልኬያለሁ፤ መልሷን እየጠበቅሁ ነው።